ባለ 60 በ 120 ፖርስሊን ወለልና ግድግዳ ላይ አነጣጠፍ

ስክሪድ (ከሴራሚኩ ሥር የሚነጠፍ የሲሚንቶና አሸዋ ንጣፍ) ላይ ቦያካ፣ ማለትም በውሃ የቀጠነ ሲሚንቶ፣ አፍስሶ ሴራሚኩን በጎማ መዶሻ እየመቱ ማስቀመጥ ለባለ 30 በ 30 ሴንቲ ብዙ ዘመን አገልግሏል። ግድግዳ ላይም ከጀርባው አራት አምስት ቦታ ሞርታር ጠብ አድርጎ መለጠፍ የተለመደ ነው። ያው ዘዴ ወደ 60 በ 120 ፖርስሊን፣ ጥቅጥቅ ብሎ ወደተሠራው ትልቅ ሴራሚክ፣ ሲሻገር ግን አይሠራም። ወለሉ ሲረገጥ ባዶ ድምፅ ይሰጣል፣ ጠርዙ እግር ይመታል፣ ግድግዳ ላይ ያለው ደግሞ አንድ ቀን እንዳለ ይወርዳል። ጥፋቱ ብዙ ጊዜ በሴራሚኩ ጥራት ይሳበባል፤ ችግሩ ያለው ግን ከሥሩ ነው።

ምክንያቱ ሁለት ነው። የመጀመሪያው ውሃ መምጠጥ ነው። የተለመደው የግድግዳ ሴራሚክ ከክብደቱ ከ10 በመቶ በላይ ውሃ ይመጥጣል፤ የሲሚንቶው ሊጥ ቀዳዳዎቹ ውስጥ ገብቶ ይነክሰዋል። ፖርስሊን የሚመጥጠው ከ0.5 በመቶ አይበልጥም፤ ቦያካው የሚገባበት ቀዳዳ የለም። ከወለሉ የተላቀቀ ፖርስሊን ገልብጣችሁ ብታዩት ሲሚንቶው በሙሉ ወለሉ ላይ ቀርቷል፤ የሴራሚኩ ጀርባ የፋብሪካው ምልክት እስኪነበብ ድረስ እንደታጠበ ሳህን ንጹህ ነው። ሁለተኛው መጠኑ ነው። ትንሹ ሴራሚክ የወለሉን ጎድጓዳና ጉብታ ተከትሎ ይሄዳል፤ ትልቁ ግን ጉብታው ላይ ተንጠልጥሎ ከሥሩ ባዶ ቦታ ይተዋል። በሙያው አንድ ጎኑ ከ38 ሴንቲ የሚበልጥ ሁሉ ትልቅ ይባላል። ስለዚህ እዚህ ስለ 60 በ 120 የሚነገረው ለ60 በ 60ም፣ ለ80 በ 80ም ይሠራል።

ከመግዛታችሁ በፊት

ካርቶኑ ላይ የሼድ ቁጥርና የካሊበር ቁጥር ታትሟል። ሁሉም ካርቶን አንድ ዓይነት ሼድና አንድ ዓይነት ካሊበር መሆን አለበት። ሼዱ ቀለሙን ይናገራል፤ ካሊበሩ ትክክለኛውን ልክ። ሁለት ካሊበር ከተቀላቀለ መገጣጠሚያው ከአምስተኛው ረድፍ በኋላ መሳት ይጀምራል፣ ምንም ያህል ጎበዝ እጅ ቢሠራው አይድንም።

መጣመሙንም እዚያው ሱቁ በር ላይ ፈትሹ። ሁለት ሴራሚክ ፊት ለፊት አጋጥማችሁ አቁሙና ጠርዙን ተመልከቱ። ጫፍና ጫፉ ተጋጥሞ መሐሉ ላይ፣ ወይም መሐሉ ተነካክቶ ጫፉ ላይ ክፍተት ከታየ ጥምም ነው። ረጅም ሴራሚክ ትንሽ መጉበጡ የማይቀር ነው፤ ሁለት ተደርበው 1 ሚሊ የሚሆን ክፍተት ይታገሱታል። ከዚያ ካለፈ ሌላ ጫኑ።

በካሬ ብቻ አትግዙ፣ በቁጥር ቁጠሩ። 4.70 በ 6.30 የሆነ ሳሎን እንውሰድ። ስፋቱ 29.61 ካሬ ነው። በየግድግዳው ሥር 8 ሚሊ ክፍተት ሲቀነስ 4.684 በ 6.284 ይቀራል። የሴራሚኩን ረጅም ጎን በ4.70 አቅጣጫ፣ መገጣጠሚያውን 3 ሚሊ ካደረግን በአንድ ረድፍ 3 ሙሉ ሴራሚክና በሁለቱ ጫፍ 53.6 ሴንቲ የሆነ ቁራጭ ይገባል። ሁለቱ ቁራጮች ከአንድ ሴራሚክ ይወጣሉ፤ አንድ ረድፍ 4 ሴራሚክ በላ ማለት ነው። በ6.30 አቅጣጫ 9 ሙሉ ረድፍና በሁለቱ ጫፍ 42.7 ሴንቲ የሆነ ረድፍ፣ በድምሩ 11 ረድፍ። 11 ጊዜ 4፣ 44 ሴራሚክ። 10 ሙሉ ረድፍ አስገብቶ አንዱ ጫፍ ላይ 25 ሴንቲ መተውም ይቻል ነበር፤ ግን ከበር ሲገባ ዓይን የሚያርፈው እዚያ ቀጭን ቁራጭ ላይ ነው። እንዲህ ያለ ቀጭን ቁራጭ እንዳይኖር አንድ ሙሉ ረድፍ ቀንሶ ለሁለቱ ጫፍ ማካፈል ይሻላል።

60 በ 120 ብዙውን ጊዜ በካርቶን ሁለት ነው፤ 22 ካርቶን ለሥራው፣ 2 ካርቶን ለመጠባበቂያ። ከመጠባበቂያው ቢያንስ ሁለቱን ሴራሚክ ለዓመታት አስቀምጡ፤ ያው ሼድ ዳግም አይገኝም። ኮላ (በከረጢት የሚሸጠው የሴራሚክ ማጣበቂያ ዱቄት) በካሬ 6.5 ኪሎ ገደማ ስለሚበላ ለ29.61 ካሬ 192 ኪሎ ነው፤ በ25 ኪሎ ከረጢት 8፣ አንድ ጨምራችሁ 9 ግዙ። ግራውት፣ የመገጣጠሚያው መሙያ፣ ለዚህ ልክ በጣም ትንሽ ነው የሚበላው፦ በካሬ 120 ግራም ገደማ፣ 5 ኪሎ ይበቃል። የጎረቤት ሴራሚኮችን ጠርዝ እኩል የሚይዘው የማስተካከያ ክሊፕ በአንድ ሴራሚክ 6 ብላችሁ 300።

9 ሚሊ ውፍረት ያለው አንዱ 60 በ 120 ወደ 15 ኪሎ፣ 10 ሚሊው ወደ 17 ኪሎ ይመዝናል። ካርቶኑን በረጅም ጎኑ እንጨት ላይ አቁማችሁ አስቀምጡት። አንዱን ሴራሚክም ስትሸከሙ አቁማችሁ ነው፤ ጠፍጣፋውን አጋድሞ መያዝ በራሱ ክብደት እያጎበጠ ይሰነጥቀዋል።

ወለሉ

የሥራው ግማሽ ጊዜ እዚህ ቢያልቅ አይቆጫችሁ። መስፈርቱ፦ 3 ሜትር ሪጋ (ቀጥ ያለ ረጅም መለኪያ) ወለሉ ላይ ሲያርፍ ከሥሩ የሚታየው ክፍተት ከ3 ሚሊ እንዳይበልጥ፣ በ60 ሴንቲ ርዝመት ውስጥ ደግሞ ከ1.6 ሚሊ። የአሜሪካ የሴራሚክ ሙያ ደረጃ ለትልልቅ ሴራሚክ የሚጠይቀው ይህንን ነው፤ አብዛኛው የእኛ ስክሪድ መጀመሪያ ሲለካ አያልፍም። ሪጋውን በርዝመት፣ በወርድና በሰያፍ እያዟዟራችሁ ጉብታውን በጠመኔ ክብ፣ ጎድጓዳውን በመስቀል ምልክት አድርጉ። ጉብታው በአልማዝ መፈግፈጊያ ይፈገፈጋል፤ ጎድጓዳው በመጠገኛ ሲሚንቶ ወይም ራሱን በሚያስተካክል ሲሚንቶ ይሞላል።

ጠፍጣፋ በመሆንና ውሃ ልክ በመሆን መካከል ልዩነት አለ። ወለሉ ከአንድ ጫፍ ወደ ሌላው በመጠኑ ቢያጋድል ሴራሚኩ ግድ የለውም፤ የሚጎዳው መወጣጣት ነው።

ጎድጓዳውን በኮላ እየሞሉ መሄድ በብዛት የሚሠራ ስህተት ነው። ኮላ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ 15 ሚሊ ሆኖ የተሞላው ቦታ 4 ሚሊ ከሆነው የበለጠ ስለሚወርድ ማታ ልክ የነበረው ጠርዝ ጠዋት ተበላልጦ ይገኛል። ለአብዛኛው የትልቅ ሴራሚክ ኮላ የመጨረሻው ውፍረት 12 ሚሊ አካባቢ ነው።

ዕድሜውስ? አዲስ ኮንክሪት 28 ቀን ይጠበቃል። የሲሚንቶና አሸዋ ስክሪድ እስከ 4 ሴንቲ ድረስ ለየአንዳንዱ ሴንቲ አንድ ሳምንት ነው፤ 4 ሴንቲ ስክሪድ አንድ ወር። ሐሙስ ስክሪድ ተሠርቶ ሰኞ ሴራሚክ ከተነጠፈ፣ ስክሪዱ ከሥር እየተኮማተረ የማይኮማተረውን ሴራሚክ ይጎትተዋል። ከወራት በኋላ የሚነሳው ወለል ታሪኩ ብዙ ጊዜ ይህ ነው።

ጥንካሬውን በሚስማር ፈትሹ። ስክሪዱን እንደ መረብ ጫር ጫር አድርጉት፤ ጠርዙ ከተፈረፈረ፣ አሸዋው ጭቃ የበዛበት ወይም ሲሚንቶው ያነሰ ነውና ተነቅሎ ይውጣ። በመዶሻ እጀታ ስትመቱት ባዶ የሚለውም እንዲሁ። ከዚያ የውሃ ጠብታ ጣሉበት፤ ጠብታው እንደ ዶቃ ከቆመ ዘይት፣ ቀለም ወይም ሌላ የማያስመጥጥ ነገር አለ፣ ይፈገፈግ። በቅጽበት ከጠጣው ፕራይመር፣ ከኮላው በፊት የሚቀባ ቅብ፣ ይፈልጋል፤ ያለዚያ የኮላውን ውሃ ይጠጣበታል።

ስንጥቅ ካለ ሁለቱን ወገን በጣት ዳስሱ። እኩል ከሆኑ ስንጥቅ ከሚያግድ ሽፋን ጋር መሥራት ይቻላል። አንዱ ወገን ከሌላው ከፍ ካለ ግን ቤቱ እየተንቀሳቀሰ ነውና ሴራሚክ የሚያድነው ነገር የለም፤ መሐንዲስ ይየው።

በአሮጌ ሴራሚክ ላይ መንጠፍም ይቻላል፣ አሮጌው ሲንኳኳ ሙሉ ድምፅ ከሰጠ። ፊቱን በዲስክ አሻክሩ፣ አሸዋማ ፕራይመር ቀቡ፣ የበሩ ሥር ከ15 ሚሊ በላይ ቦታ እንዳለው አረጋግጡ።

ግድግዳው

የኮንዶሚኒየምና የአዲስ አፓርታማ ግድግዳ ብሎኬት ላይ ልስን፣ ልስኑ ላይ ጂፕሰም ወይም ስቱኮ፣ ከዚያ ቀለም ነው። ሴራሚኩ ሊለጠፍ የሚገባው ልስኑ ላይ እንጂ ጂፕሰሙ ላይ አይደለም፤ ምክንያቱን በቁጥር እዩት። በብሪታንያ የሙያ ደረጃ ጂፕሰም ልስን ሊሸከም የሚችለው ኮላውን ጨምሮ በካሬ 20 ኪሎ ብቻ ነው። 9 ሚሊ ፖርስሊን ብቻውን በካሬ 21 ኪሎ ይመዝናል፤ ኮላው ሲጨመር 26 አለፈ። ክብደቱ ባይኖር እንኳ ሲሚንቶና ጂፕሰም እርጥበት ሲያገኙ ተዋህደው የሚያብጥ ጨው ይፈጥራሉ፤ ያ ጨው ኮላውን ከጂፕሰሙ ይገፋዋል። ስለዚህ ቀለሙ፣ ስቱኮው፣ ጂፕሰሙ ተፍቆ ግራጫው የሲሚንቶ ልስን ይውጣ። የልስኑን ፊት በመዶሻ ወቀር ወቀር አድርጉት።

የግድግዳው ልክም እንደ ወለሉ ነው። ቱምቢ ሲጣል ዘመም ያለ ግድግዳ በልስን ይቃናል፣ ሳምንት ይጠበቃል፣ ከዚያ ሴራሚክ። በኮላ አይቃናም። በተለይ ጥግ ላይ በስኳድራ ፈትሹ፤ ሁለቱ ግድግዳ 90 ዲግሪ ካልተጋጠሙ 120 ሴንቲ ሴራሚክ ጥፋቱን አጉልቶ ያሳያል።

ኮላው

ከረጢቱ ላይ በላቲን ፊደል የታተመውን መለያ አንብቡ። በአውሮፓው ኢኤን 12004 ደረጃ ሲ1 የሚባለው በካሬ ሚሊሜትር 0.5 ኒውተን፣ ሲ2 የሚባለው 1 ኒውተን ይዞ መቆየት አለበት። ለትልቅ ፖርስሊን ሲ2 ዝቅተኛው ነው። ቲ የሚል ፊደል ካለበት ግድግዳ ላይ አይንሸራተትም። ኢ ካለበት ከተቀባ በኋላ ክፍት ሆኖ የሚቆይበት ጊዜ ከ20 ደቂቃ ወደ 30 ይረዝማል። ኤስ1 ደግሞ ሳይሰበር በመጠኑ የሚተጣጠፍ ነው፤ ፀሐይ የሚያገኘው ወለል፣ በረንዳ፣ አሮጌ ሴራሚክ ላይ የሚሠራ ሁሉ እሱን ይፈልጋል። ባጭሩ ሲ2ቲኢ ኤስ1 ከያዛችሁ ለሳሎኑም ለባኞ ቤቱም ይበቃል።

የውሃው መጠን ከረጢቱ ላይ አለ፤ ለ25 ኪሎ ብዙውን ጊዜ 6 እና 7 ሊትር መካከል ነው። በጆግ ለኩት። ንጹህ ባልዲ ውስጥ ውሃውን አስቀድሙ፣ ዱቄቱን ጨምሩ፣ በዝግተኛ ድሪል ላይ በተገጠመ ማዋሃጃ አዋሕዱ። 5 ደቂቃ አሳርፉት፣ ደግማችሁ አዋሕዱ። ያ እረፍት ትርፍ አይደለም፤ ኮላው ውስጥ ያለው የማጣበቂያ ዱቄት የሚሟሟው ያኔ ነው። ባልዲው ውስጥ መጠንከር ሲጀምር ውሃ ጨምሮ ማላላት ጉልበቱን ይገድለዋል። ይጣል። በተለይ ሲሚንቶ ወይም አሸዋ ቀላቅሎ ማብዛት የከረጢቱን ገንዘብ መሬት ላይ መድፋት ነው።

ባለ 10 ወይም 12 ሚሊ ጥርስ ስፓቱላ ያዙ። በለስላሳው ጎኑ ኮላውን መጀመሪያ ወለሉ ላይ ጠበቅ አድርጋችሁ ቀቡት፤ ከዚያ ጨምራችሁ በጥርሱ ትልም አውጡ። ትልሙ ቀጥ ያለና ከሴራሚኩ አጭር ጎን ጋር ትይዩ ይሁን። ክብ ክብ እየተደረገ የሚወጣው ትልም ያምራል፤ ነገር ግን አየሩን ቆልፎ ያስቀረዋል። ቀጥ ያለው ትልም አየሩን 60 ሴንቲ ብቻ አስኬዶ በጎን ያስወጣዋል።

የሴራሚኩን ጀርባ እዩት። ነጭ ብናኝ ካለበት የምድጃው ዱቄት ነው፤ በእርጥብ ስፖንጅ ካልተጠረገ ኮላው የሚይዘው ዱቄቱን ነው። ጠርጋችሁ በለስላሳው ጎን 1 ሚሊ የሚሆን ኮላ ጀርባውን ሁሉ ቀቡት። ሁለቱ እርጥብ ፊቶች ሲገናኙ ይያያዛሉ። ይህ በትልቅ ሴራሚክ ላይ የሚዘለል ነገር አይደለም።

ሴራሚኩን አስቀምጡና ከትልሙ ጋር ሳይሆን ትልሙን አቋርጣችሁ 2 ሴንቲ ወደፊት፣ 2 ሴንቲ ወደኋላ ግፉት። ትልሙ ይወድቅና ጎን ለጎኑ ያለውን ባዶ ይሞላል። በዚህ ጊዜ በእጃችሁ የምትሰሙት ነገር አለ፦ መጀመሪያ ይንሸራተታል፣ ከዚያ ከበድ ይላል፣ ከዚያ ይነክሳል። ሲነክስ አቁሙ። የጎማ መዶሻ ለማስተካከል እንጂ ለመጫን አይደለም።

የመጀመሪያውን ሴራሚክ አንሱትና ጀርባውን ተመልከቱ። ለደረቅ ክፍል ቢያንስ 80 በመቶ፣ ለእርጥብ ክፍልና ለውጭ 95 በመቶ ኮላ የያዘ መሆን አለበት። እኛ ለትልቅ ሴራሚክ የትም ቢሆን 95ቱን እንመክራለን፤ አራቱ ማዕዘን ደግሞ ሙሉ ይሁን፣ ምክንያቱም የሚሰበረው ማዕዘኑ ነው። ትልሙ እንደተነሳ ሳይደፈጠጥ ከታየ ጥርሱን ከፍ አድርጉ ወይም ወለሉ ልክ አይደለም። ከዚያ በኋላ በየአሥሩ አንዱን አንሥታችሁ እዩ።

የአየሩ ጠባይ ይወስናል። አዲስ አበባ ላይ በጥርና በየካቲት ደረቅ ንፋስ ሲነፍስ መስኮት ከተከፈተ ኮላው በ10 ደቂቃ ቆዳ ያወጣል። በጣት ንኩት፤ ጣት ላይ ካልቀረ ሞቷል፣ ተጠርጎ ይጣል። በአንድ ጊዜ ከሁለት ሴራሚክ ቦታ በላይ አትቀቡ። ድሬዳዋን በመሰለ ሙቀት ሥራውን ለጠዋት አድርጉት፣ ሴራሚኩንም ጥላ ሥር አቆዩት።

መስመሩና አነጣጠፉ

ግድግዳውን ተከትላችሁ አትጀምሩ፤ ግድግዳ ቀጥ አይደለም። ሲባጎ ወጥራችሁ ወይም ሌዘር ተክላችሁ መሐል ላይ ሁለት መስመር አቋርጡ። ማዕዘኑን በ3፣ 4፣ 5 ፈትሹ፦ በአንዱ መስመር 3 ሜትር፣ በሌላው 4 ሜትር ለክታችሁ ሰያፉ 5 ሜትር ከመጣ ልክ ነው። ሁለት ረድፍ ያለ ኮላ ደርድራችሁ ከበሩ ላይ ቆማችሁ ተመልከቱት።

መገጣጠሚያው ጠርዙ በፋብሪካ ለተስተካከለ ሴራሚክ 3 ሚሊ፣ ላልተስተካከለ 5 ሚሊ ይሁን። «ያለ ክፍተት ይገናኝ» የሚል ባለቤት ብዙ ነው፤ በትህትና እንቢ በሉት። የተጋጠሙ ሁለት ሴራሚኮች ሲሞቁ እርስ በርስ ይገፋፋሉ፣ ጠርዛቸው ይሸረፋል።

እንደ ጡብ እያዛነፉ መንጠፍ የሚፈልግ ከርዝመቱ ሲሶ አይለፍ፤ ለ120 ሴንቲ 40 ሴንቲ። ግማሽ ከተደረገ የአንዱ ጉብታ መሐል ከሌላው ዝቅተኛ ጫፍ ጋር ይገናኝና የጠርዙ መበላለጥ የማይቀር ይሆናል።

ክሊፕና ሽብልቁ ከእያንዳንዱ ማዕዘን 5 ሴንቲ ገባ ብሎ፣ ከዚያ በየ25 እና 30 ሴንቲው ይገባል። ሽብልቁ ሁለት ጠርዝ እኩል እስኪሆን ይያዛል እንጂ ኃይል አይጨመርበትም። ዝቅ ያለውን ሴራሚክ በክሊፕ ወደ ላይ መጎተት ከኮላው ያላቅቀዋል፤ ላዩ ያምራል፣ ሥሩ ባዶ ነው። ዝቅ ካለ አንሱት፣ ኮላ ጨምሩ፣ መልሱት። ክሊፑ በማግስቱ የሚሰበረው በመገጣጠሚያው አቅጣጫ በጫማ በመምታት ነው፤ በተቃራኒው ከተመታ ጠርዙን ይሸርፋል።

ከመገጣጠሚያው የወጣውን ኮላ ሳይደርቅ በቀጭን እንጨት አውጡት። ነገ በቢላ ከመፈግፈግ ዛሬ ሁለት ደቂቃ ይሻላል።

መቁረጥ

ለቀጥታ ቁራጭ ረጅም ሐዲድ ያለው መቁረጫ ይበቃል። አንድ ጊዜ፣ ሳይቆም፣ በእኩል ጉልበት መስመር ይሰመራል፤ ደጋግሞ ማስመር ስብራቱን ያዛባዋል። የተወለወለ ፖርስሊን ውስጡ የታመቀ ጭነት ስላለ ለኤል ቅርጽ ቁራጭ ከውስጠኛው ማዕዘን ላይ መጀመሪያ በ8 ሚሊ የአልማዝ መብሻ ቀዳዳ ክፈቱ፣ ከዚያ በግራይንደር ከሁለቱ ወገን ወደ ቀዳዳው ቁረጡ። ቀዳዳ የሌለው ሹል ማዕዘን ስንጥቅ ይጀምራል፤ ዛሬ ባይታይ የመጸዳጃ ቤቱ በር ደጋግሞ ሲዘጋ ይታያል። ለቧንቧ ቀዳዳ መብሻውን በሰያፍ ጀምራችሁ ጨረቃ የመሰለ ጭረት ሲያወጣ ቀጥ አድርጉት፣ ውሃ እያጠጣችሁ። አቧራው ሳንባ የሚጎዳ ሲሊካ ነውና በውሃ ቁረጡ፣ ጥሩ ማስክ አድርጉ፤ በሻሽ አፍንጫ መሸፈን አይበቃም።

የውጭ ጥግ በ45 ዲግሪ ሲጋጠም ጠርዙን እንደ ቢላ አታሹሉት፤ 1 ሚሊ ተዉለት። ልጆች ያሉበት ቤት ከሆነ የአሉሚኒየም ፕሮፋይል ይበልጣል።

ግድግዳ ላይ

የመጀመሪያውን ረድፍ ወለሉ ላይ አታሳርፉት። በሌዘር ልክ ቀጥ ያለ ሪጋ ግድግዳው ላይ በብሎን እሰሩና ሁለተኛውን ረድፍ እሱ ላይ አስቀምጡ፤ የታችኛው ረድፍ በመጨረሻ፣ የወለሉ ሴራሚክ ካለቀ በኋላ ተለክቶ ይገባል። 2.70 ከፍታ ባለው ክፍል ሴራሚኩ ቁሞ ከተለጠፈ ሁለት ሙሉ ገብቶ ወደ 29 ሴንቲ ይቀራል፤ የጂፕሰም ኮርኒስ የሚወርድ ከሆነ ቁራጩን ላይ ደብቁት፣ ካልሆነ ታች።

ጠብ ጠብ የተደረገ ሞርታር እዚህ ላይ ፈጽሞ አይገባም። ከጠብታዎቹ መካከል ያለው ባዶ ውሃ ያጠራቅማል፣ በመብሻ ሲነካ ይሰነጠቃል። ባለ ጥርስ ስፓቱላ፣ በኮላ የተቀባ ጀርባ፣ ሙሉ ኮላ፤ እንደ ወለሉ ነው። ሁለት ሰው ያዙት። የመስታወት ሠራተኞች የሚይዙት የቫኩም እጀታ ለለስላሳ ፊት ይጠቅማል፣ ለሻካራ ፊት ግን አይጨብጥም። ከመሬት ወለል በላይ ያለ የሕንፃ የውጭ ፊት በኮላ ብቻ የሚሠራ አይደለም፤ ብረት ማያያዣ ይፈልጋል።

መታጠቢያ ቤት

ውሃ መከላከያው ሁለት እጅ፣ ሁለተኛው የመጀመሪያውን አቋርጦ ይቀባል፤ ጥጉና የቧንቧው ዙሪያ በማጠናከሪያ ጨርቅ። ሻወሩ አካባቢ እስከ 2 ሜትር ይውጣ። ሲፎኑን (የወለሉን የውሃ መውረጃ) ደፍናችሁ ወለሉን 24 ሰዓት ውሃ አቁሙበት፤ ከታች ያለው ኮርኒስ ካልረጠበ ቀጥሉ።

ተዳፋቱ በሜትር ከ1.5 እስከ 2 ሴንቲ ነው። መሐል ላይ ያለ ክብ ሲፎን ወለሉ ከአራት አቅጣጫ እንዲያዘቀዝቅ ያስገድዳል፤ ትልቅ ሴራሚክ ደግሞ አይታጠፍም። ወይ በሰያፍ አራት ቦታ ይቆረጣል፣ ወይ ግድግዳ ሥር ረጅም ሲፎን ተደርጎ ወለሉ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ያዘቀዝቃል። ሁለተኛው ይሻላል። የተወለወለ ሴራሚክ ለሻወር ወለል አትምረጡ፣ በአለመንሸራተት መለኪያ አር10 እና ከዚያ በላይ የሆነ ሻካራ ፊት ይሁን።

የመላወሻ ክፍተት

ከሁሉ የሚረሳው ይህ ነው። ፖርስሊን በአንድ ዲግሪ የሙቀት ለውጥ ከርዝመቱ ወደ ሰባት ሚሊዮንኛ ያህል ይረዝማል። ትንሽ ይመስላል፤ ግን ሰፊ መስታወት ያለው ሳሎን ውስጥ 6 ሜትር ወለል 30 ዲግሪ ቢሞቅ 1.3 ሚሊ ይረዝማል። የሚሄድበት ካጣ ሁለት ሴራሚኮች ተገፋፍተው እንደ ድንኳን ይነሳሉ፣ አንዳንዴ በሌሊት ድም ብለው።

ስለዚህ ወለሉ ግድግዳ የሚነካበት ዙሪያውን ሁሉ ከ6 እስከ 8 ሚሊ ክፍት ይተው። ኮላም፣ ግራውትም፣ ቦያካም አይግባበት። ዞኮሎ፣ በግድግዳው ሥር የሚዞረው ጠባብ ጠርዝ፣ ይሸፍነዋል፤ ዞኮሎው ግድግዳው ላይ ይለጠፍ፣ ሥሩ ወለሉን ሳይጫን። ዓምድ ዙሪያም እንዲሁ። ክፍሉ ከ6 ወይም 7 ሜትር ከረዘመ መሐል ላይ አንድ መገጣጠሚያ ከግራውት ይልቅ በሲሊኮን ይሞላ፤ በረንዳና ቀን ሙሉ ፀሐይ የሚመታው ወለል በየ2.5 እና 3.5 ሜትሩ። ሁለት ክፍል የሚገናኝበት የበር መድረክ ለዚህ ምቹ ቦታ ነው። ኮንክሪቱ ውስጥ ያለ የግንባታ መገጣጠሚያ ካለ ሴራሚኩ ላይ እስከ ላይ ይወጣል፤ በላዩ ተሻግሮ የተነጠፈ ሴራሚክ በዚያው መስመር ይሰነጠቃል።

ግራውት

ከ24 ሰዓት በኋላ። መገጣጠሚያው ጥልቀቱ ቢያንስ የሴራሚኩን ውፍረት ሁለት ሦስተኛ ይሁን፣ አቧራው ይጠረግ። በነጭ ሲሚንቶ አትሙሉ፤ ይሰነጠቃል፣ ይቆሽሻል። ግራውቱን በጎማ ስፓቱላ በሰያፍ እየገፋችሁ ሙሉ፣ ማብረቅ ሲያቆም በተጨመቀ ስፖንጅ ጥረጉ። የጥግ መገጣጠሚያ ሁሉ፣ ግድግዳና ግድግዳ፣ ግድግዳና ወለል፣ በሲሊኮን ነው። የቀረውን ጉም የመሰለ ነጭ ቅሪት ለማንሳት ለስላሳ አሲድ የሚነካው ከ10 ቀን በኋላ፣ መገጣጠሚያው አስቀድሞ በውሃ ርሶ ነው።

ከ24 ሰዓት በኋላ በጥንቃቄ መረገጥ ይቻላል። ቁም ሳጥን፣ ፍሪጅ፣ የቀለም ሠራተኛው መሰላል ግን 7 ቀን ይጠብቁ፤ እስከዚያ ወለሉን በካርቶን ሸፍኑት፤ ላስቲክ ከሥር ላብ ስለሚይዝ አይሁን።